የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ነው፦ አዳማ ላይ የ17 ሚሊዮን ብር ዕዳ የፈጠረው የስም ሳጥን

ይህን የውይይት ክር እዚህ መድረክ ላይ የከፈትኩት ሐምሌ ውስጥ ነው። መልሱ 26 ደርሷል። መሀል ላይ የተደበቀ አለ፣ ከርዕሱ የወጣም አለ፤ ክሩን ለመከታተል የተቸገሩ ብዙ ሰዎችም ጽፈውልኛል። ስለዚህ የራሴን የመክፈቻ ጽሑፍ እንዳለ አስቀምጬ ከሥሩ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር እተርካለሁ። ያን ጊዜ ተደብቆ የነበረውን ዛሬ በግልጽ የምጽፍበትን ምክንያት 16ኛው መልስ ጋ ስትደርሱ ታገኙታላችሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ወገኖች። አዳማ ውስጥ የኮምፒውተር ጥገናና አነስተኛ የሶፍትዌር ሥራ እሠራለሁ። በሰኔ መጨረሻ ገበያው አካባቢ ያለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር በስልክ ጠራኝ። ስደርስ አንዲት እናት የቁጠባ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ የነጠላቸው ጥለት ላይ ሳይቀር የበርበሬ ብናኝ አለ። ደብተሩ ላይ ከመጨረሻው በፊት ያለው መስመር ቀሪ ሂሳብ 41,350.00 ይላል። ከሱ ቀጥሎ ፕሪንተሩ -17,860,604.11 ብሎ አትሟል። ሴትዮዋ የመቀነሻዋን ሰረዝ በጣታቸው ሸፍነው፣ ጣታቸውን አንስተው፣ መልሰው ሸፍነው ያያሉ። አንድም ቃል አልተናገሩም።

የሂሳብ ሠራተኛው ገንዘብ አላንቀሳቀሰም። ያደረገው ነገር ቢኖር ስማቸውን ማስተካከል ነው። የአባላቱ ስም እስከዚያ ቀን በላቲን ፊደል ነበር የተመዘገበው፤ ከፋይዳ መታወቂያ ጋር አንድ እንዲሆን ተብሎ በአማርኛ፣ እስከ አያት፣ ሳያሳጥሩ መጻፍ የጀመሩት በዚያው ሳምንት ነው።

ኮዱን ከፍቼ ያየሁት ይህን ነው። የፊቱ ገጽ ስም ሲቀበል ከ64 ፊደል እንዳይበልጥ ይቆጣጠራል። የኋላው፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈው ክፍል ደግሞ ለስም 64 ባይት (ባይት ኮምፒውተር የሜሞሪ ቦታ የሚለካባት ትንሽ መስፈሪያ ናት) የሚይዝ ሳጥን አዘጋጅቶ የመጣውን እንዳለ ይገለብጣል፤ እሱ ራሱ አይለካም። ፊተኛው ለክቷል ብሎ አምኗል። ፊተኛው የቆጠረው ግን ፊደል ነው፣ ኋለኛው ያለው ቦታ በባይት ነው። ፊደልን በባይት ለመጻፍ በተለመደው ሥርዓት፣ በዩቲኤፍ 8፣ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይወስዳል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት።

የሴትዮዋን ስም አልጽፍም። በርዝመትም በአጨራረስም የሚመሳሰለውን ልስጣችሁ፦ ወለተገብርኤል ኃይለማርያም ገብረመድኅን። 8፣ 7 እና 7፣ በድምሩ 22 ፊደል፤ ከሁለቱ ክፍት ቦታዎች ጋር 24። ከ64 በጣም ያነሰ ስለሆነ የፊቱ ገጽ ያለ ምንም ጥያቄ አሳለፈው። በባይት ግን 22 ጊዜ 3፣ ሲደመር 2፣ 68 ነው። አራት ባይት ተርፎ ፈሰሰ። ከስሙ ሳጥን ቀጥሎ የተቀመጠው ደግሞ በሳንቲም የሚቆጠረው ቀሪ ሂሳብ ነው፤ እሱም በትክክል አራት ባይት ነው። የ«ኅ» የመጨረሻ ባይት 133፣ የ«ን» ሦስት ባይቶች 225፣ 138 እና 149። ማሽኑ እነዚህን አራት ባይቶች እንደ ቁጥር ሲያነባቸው -1,786,060,411 ሳንቲም ይሆናሉ። የሴትዮዋ ዕዳ ተብሎ የታተመው የአያታቸው ስም ጅራት ነው።

ፕሮግራሙን አስተካክያለሁ፣ ሂሳባቸውም ተመልሷል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ርዝመት የምትለኩት የት ላይ ነው? በምን ትለኩታላችሁ? በአማርኛ ስም የሞከራችሁስ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ይህ ነገር እዚህ ማኅበር ብቻ ያለ አይመስለኝም።

መልሶቹ

1ኛው መልስ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ በአይቲ ከሚሠራ ወንድም ነው። በትሕትና አመስግኖ ቁጥሩን ራሱ እንደ ገና አስልቶት እስከ ሳንቲሟ አንድ ሆኖ እንዳገኘው ጻፈ። አንድ ነገርም አረመኝ፦ ብዙ የድረ ገጽ ፎርሞች የሚቆጥሩት በእርግጥ ፊደል ሳይሆን ባለ 16 ቢት፣ ማለትም ባለ ሁለት ባይት፣ ቁራጭ ነው። ለተለመዱት የግዕዝ ፊደሎቻችን ውጤቱ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ አይታይም፤ ኢሞጂ ሲገባ ግን አንዱ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ትክክል ነው።

2ኛውን የጻፈችው እዚሁ አዳማ የምትማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ጥያቄው የሞኝ እንዳይመስልባት ፈርታ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ከጠየቀች በኋላ፣ ለምን የእኛ ፊደል ሦስት፣ የፈረንጅ አንድ ሆነ አለች። ክሩ ውስጥ ከተነሱት ሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው።

በ3ኛው መልስ አንድ መምህር እንደ ክፍል ውስጥ አስረዷት። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ሰጥቷል። ዩቲኤፍ 8 እስከ 127 ያለውን በአንድ ባይት፣ እስከ 2047 ያለውን በሁለት፣ እስከ 65535 ያለውን በሦስት ባይት ይጽፋል። ላቲን ፊት ለፊት ስለተቀመጠ አንድ ደረሰው፤ ግሪክና ዓረብኛ ሁለት፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲገባ ከ4608 ጀምሮ ስለተሰለፈ ሦስት ሆነ። መምህሩ ያመጡት ምሳሌም ሁሉም የገባው ነበር፦ አይሱዙ ስትጭን ጆንያ ቆጥረህ መንገድ ብትወጣ፣ ሚዛን ጣቢያው የሚጠይቅህ ኪሎውን ነው። ጥጥም ጤፍም ጆንያው አንድ ነው።

4ኛው አንድ መስመር ናት። በዚህ ዘመን በሲ የሚጽፍ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ፓይተን ወይም ጃቫ ቢጠቀሙ ይህ ሁሉ ወሬ አይኖርም ነበር የሚል ነው። የክሩ ድምፅ ከዚህ ጀምሮ ሻከር እያለ ሄደ።

5ኛው ረጅም ነው። ብዙ ዓመት በሙያው የቆየ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ይታወቃል። ለ4ኛው በሰጠው መልስ፣ በፓይተን ብትጽፍም ከሥር ያለው የፕሪንተር ድራይቨር፣ የዳታቤዝ ሞተር፣ የሥዕልና የድምፅ ማንበቢያው በሲ የተጻፈ ስለሆነ ማምለጫ የለህም አለው። ቀጥሎ ያመጣው ደግሞ እኔንም አስደነገጠኝ። የይለፍ ቃልን መስጥሮ ለማስቀመጥ ብዙ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት ቢክሪፕት የሚያየው 72 ባይት ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ አተገባበሮች የተረፈውን ዝም ብለው ይጥሉታል። 72 ለ3 ሲካፈል 24። ስለዚህ በአማርኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር የይለፍ ቃሉ ያደረገ ሰው ከ24ኛው ፊደል በኋላ የሚጽፈው ሁሉ ከንቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኦክታ የተባለው ታዋቂ የመግቢያ አገልግሎት ይፋ ያደረገውን ጉድለትም አስታወሰ፦ የተጠቃሚው መለያ፣ የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃሉ ተቀጣጥለው በቢክሪፕት ሲያልፉ፣ ስሙ 52 ፊደልና ከዚያ በላይ ከሆነ ለይለፍ ቃሉ ቦታ ስለማይተርፍ፣ በተወሰኑ ሁኔታዎች ያለ ትክክለኛ የይለፍ ቃል መግባት ይቻል ነበር። እዚያ ሜሞሪ አልፈሰሰም። ያልተለካ ርዝመት ግን በሩን ከፍቷል።

6ኛው የተማሪዋ ነው። ሌሊቱን ላፕቶፗ ላይ ሞክራው አድራ ነበር። የይለፍ ቃሏን ከፊደል ገበታው ወሰደች፤ ከሀ ጀምራ የሀን፣ የለንና የሐን ቤት ጨርሳ 21 ሆነላት፤ መ፣ ሙ፣ ሚ ጨምራ 24 ሞላች። በ25ኛው ላይ ማ አድርጋ ተመዘገበች። ስትገባ በማ ምትክ ፐ ጻፈች፤ ገባች። ምንም ሳትጨምር ሞከረች፤ ገባች። አንድ ወደ ኋላ ተመልሳ ሚን በሜ ስትቀይር ብቻ ነው የከለከላት። እስክሪን ሾቱን አያይዛለች። ለእንዲህ ያለች ልጅ ሥራ የሚሰጥ ድርጅት ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ከልቤ ነው።

7ኛው ከሐዋሳ ነው። የሚያገለግለው አንድ የግል ክሊኒክ ለታካሚዎቹ የቀጠሮ መልእክት በስልክ ይልካል። በእንግሊዝኛ 160 ፊደል የሚይዘው አጭር መልእክት በአማርኛ 70 ብቻ ነው የሚይዘው። የላኪው ሶፍትዌር በ160 ለክቶ አማርኛውን ይለቀዋል፣ ማስተላለፊያው ከ70 በኋላ ያለውን ቆርጦ ይጥላል። ሰላምታው፣ የክሊኒኩ ስም፣ ምስጋናው ሁሉ ይደርሳል፤ የሚቆረጠው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ቀኑና ሰዓቱ ነው። ሰዎች መልእክቱ ደርሷቸው ቀጠሮ ያልፋቸው ነበር። ቀኑን ወደ ፊት አምጥተው ሰላምታውን ወደ ኋላ በመግፋት ለጊዜው እንደገላገሉት ጽፏል።

8ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ የሂሳብ ባለሙያ ናቸው። ስለ ባይት አላነሱም። እሳቸው የጠየቁት፣ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ የአባላቱ ድምር ከሣጥኑና ከባንኩ ጋር አይመሳከርም ወይ የሚል ነው። በእጅ መዝገብ ዘመን አንዲት ሃምሳ ሳንቲም ስትጎድል ሰው ቢሮ ያድር ነበር። 17 ሚሊዮን ብር ዕዳ የሚያህል ነገር ገብቶ ማንም ያላየው፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም ብለው ማመሳከሩን ስለተዉት ነው። የእኔ ጽሑፍ ስለ ኮዱ ብቻ አውርቶ ስለ አሠራሩ ዝም ማለቱንም በጨዋ ቋንቋ ነቀፉ።

9ኛው የእኔ መልስ ነው። አባት፣ እውነትዎን ነው ብዬ ጀመርኩ። ማኅበሩ የቀን ድምሩን የሚያወጣው ከዚያው ፕሮግራም ስለነበር ድምሩም አብሮ ተበላሽቶ ነበር፤ ያ ድምር ከባንክ ደብተሩ ጎን ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ሴትዮዋ ደብተራቸውን ከማየታቸው በፊት ሠራተኛው ያየው ነበር። አሁን ማታ ማታ ይመሳከራል፤ ይህን ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

10ኛው መልስ ሁለት እርማት ይዞ መጣ። በሲ የጽሑፍ መጨረሻ ምልክት የሆነችው ዜሮ ባይትም ቦታ ትወስዳለች፤ ስለዚህ የፈሰሰው አራት ሳይሆን አምስት ነው፣ አምስተኛዋ የት ገባች ብሎ ጠየቀ። ሄጄ አየሁ። ከቀሪ ሂሳቡ ቀጥሎ ያለው የመጨረሻው እንቅስቃሴ ሰዓት ነበር፤ ዜሮዋ የታችኛውን ባይት ስላጠፋችው ሰዓቱ ቢበዛ 255 ሰከንድ ወደ ኋላ ተመልሷል። አራት ደቂቃ ከሩብ! ማንም አላስተዋለውም፣ እኔም ጭምር። ሁለተኛው እርማቱ፣ በአራት ባይት ሳንቲም ሲቆጠር ጣሪያው 21,474,836.47 ብር ነው፤ አንድ ሂሳብ ከዚያ ባለፈ ቀን ያለ ምንም ረጅም ስም ራሱ ወደ ዕዳ ይገለበጣል የሚል ነው። ያንንም ወደ ስምንት ባይት ቀየርኩት።

11ኛው በጣም እርግጠኛ ሆኖ፣ ዛሬ ኮምፓይለሩም (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም ይህን ዓይነት መፍሰስ ስለሚይዙ ታሪኩ የማይመስል ነው አለ። ውሸት ነው ማለቱ ነው።

12ኛው ለሱ የተሰጠ መልስ ነው፤ ክሩን ያናጋውም እሱ ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ፣ እነዚያ መከላከያዎች የሚጠብቁት በዋናነት ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ የሚመለስበትን አድራሻ እንደሆነ አስረዳ። እዚህ ግን ስሙም ቀሪ ሂሳቡም በአንድ መዝገብ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሳጥኖች ናቸው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲፈስ ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ቤት ውስጥ ዕቃ እንደተነሳ ማለት ነው። ከዚያ ያላየሁትን አየ። የቀሪ ሂሳቡ አራተኛ ባይት 128 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች ቁጥሩ ተቀናሽ ነው፤ የማንኛውም የግዕዝ ፊደል የመጨረሻ ባይት ከ128 ስለማያንስ፣ እንደ ሴትዮዋ አራት ባይት የፈሰሰ ስም በግዕዝ ፊደል ካለቀ ቁጥሩ ሁልጊዜ ተቀናሽ ይሆናል። ሠራተኞቹ ስህተት መሆኑን ያወቁት ዕዳ ስለነበረ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ስሙን በግዕዝ አስረዝሞ ሳጥኑን ከሞላ በኋላ በአራት ትንንሽ የላቲን ፊደላት ቢጨርሰው ቁጥሩ ተደማሪ ይሆናል። አራቱ ፊደላት በእንግሊዝኛው የፊደል ተራ የመጀመሪያዋ ከሆኑ 16,337,718.73 ብር። እኔ ስህተት ብዬ ያመጣሁትን እሱ ሌብነት የሚሠራበት ቀዳዳ መሆኑን አሳየ፤ የደህንነት ክፍተት የሚባለውም ይኸው ነው።

13ኛው በቁጣ መጣ። ለሌባ መንገድ እያሳያችሁ ነው፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዳለ አታውቁም ወይ፣ የድሀ ነጋዴ ቁጠባ መጫወቻ አይደለም አለ። 14ኛው፣ ማለትም የ12ኛው ጸሐፊ ራሱ፣ ከዚያ በባሰ ቁጣ መለሰ፤ ፈሪ፣ አላዋቂ፣ ሌባ ከእናንተ ቀድሞ ያውቀዋል የሚሉ ነገሮች አሉበት። ሁለት ስድቦች በመድረኩ ኃላፊዎች ተነስተዋል፤ ባይነሱም አልደግማቸውም ነበር።

15ኛው ነገሩን በታሪክ ያዘው። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2003 ስላመር የተባለው ዎርም (ራሱን እያባዛ በኔትወርክ የሚሰራጭ ጎጂ ፕሮግራም) የማይክሮሶፍትን የዳታቤዝ ሰርቨር ሲመታ መላ አካሉ 376 ባይት ብቻ ነበር፤ የገባውም ርዝመቱ ያልተለካ መልእክት በሚቀበል ቦታ ነው። ማስተካከያው ግን ከስድስት ወር በፊት፣ በሐምሌ 2002 ወጥቶ ነበር። ማስተካከያ ወጣ ማለት ሁሉም ጭኖታል ማለት ስላልሆነ፣ ዝርዝሩን ለመናገር ያልታደሱት ቦታዎች እስኪያልቁ መጠበቅ ይገባል አለ። ክፍተቱን ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ማሳወቅ እንደሚቻልም አከለ።

16ኛው እኔ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ከ13ኛው ጎን ቆምኩ፤ በንግግሩ አይደለም፣ በፍራቻው። ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ ስደውልለት ያለ አንዳች ማንገራገር ሶርስ ኮዱን በዚያው ቀን ልኮልኛል፤ ከዚህ ማኅበር ሌላ ለአራት ማኅበራት መስጠቱንም ነግሮኛል። ይህ በተጻፈበት ሰዓት ሁለቱ ገና አልታደሱም ነበር። ስለዚህ 12ኛው መልስ እንዲደበቅ ጠየቅሁ፣ ጸሐፊውም ትንሽ ካኮረፈ በኋላ ተስማማ። ዛሬ ሁሉም ስለታደሱ ነው ከላይ በግልጽ የጻፍኩት። የልጁን ስም የጠየቁኝ ነበሩ። አልሰጥም። ጥፋቱን ሸሽጎ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር።

17ኛው ሰው ከመጀመሪያው አንሥቶ ተረከልን። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1988 የሞሪስ ዎርም ከተሰራጨባቸው መንገዶች አንዱ፣ 512 ባይት ብቻ የሚይዝ ሳጥን ላለው አገልግሎት 536 ባይት መላክ ነበር። ያን ጽሑፍ ትቀበል የነበረችው የሲ ትእዛዝ፣ ጌትስ፣ ምን ያህል ቦታ እንዳለ የምትጠይቅበት መንገድ እንኳ አልነበራትም፤ ከቋንቋው ደረጃ የተነሳችው በ2011 ነው። 23 ዓመት! ቀጥሎ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 ይፋ ስለሆነው ኸርትብሊድ ጻፈ፤ ቫይረስ ብሎ ጠራው። 18ኛው ወዲያው አረመው፦ ኸርትብሊድ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለው የምስጠራ ሶፍትዌር ውስጥ ያለ ስህተት ነው እንጂ ቫይረስ አይደለም። እዚያ ደግሞ የፈሰሰው ወደ ውጭ ነው። ጠያቂው አንድ ባይት ልኮ 64 ኪሎ ባይት ልኬያለሁ ይላል፤ ሰርቨሩ የተባለውን ርዝመት ከመጣው ጋር ሳያመሳክር፣ የጎደለውን ከራሱ ሜሞሪ እየጨለፈ ይመልሳል፤ የሰው የይለፍ ቃልና የምስጠራ ቁልፍ ሳይቀር። የሴትዮዋ ጉዳይ መጻፍ ነው፣ ያኛው ማንበብ፤ ሥሩ አንድ ነው።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ስም ዞረ። 19ኛው ለችግሩ ቀላል መፍትሔ አለኝ ብሎ ኃይለማርያምን ኃ/ማርያም፣ ገብረመድኅንን ገ/መድኅን ብለን እናሳጥር አለ። ሠራተኞቹም በደብዳቤ ላይ የለመዱት ነው። 20ኛዋ፣ ስሟ ራሱ ባለ ሁለት ቃል የሆነ እህት፣ በዚህ ተቆጣች፤ እኔም ቁጣዋን እጋራለሁ። አባቷ የሰጧትን ስም የሚቆርጠው ፕሮግራመር ማነው? ባንክ ሌላ፣ ፋይዳ ሌላ፣ የቁጠባ ደብተር ሌላ ስም ይዘውባት፣ ያው ሰው መሆኗን ለማስረዳት ስንት ቀን እንደተንከራተተች ጻፈች። ሳጥኑን ማስፋት ሲቻል ሰውን ማሳጠር ምን ይሉታል? 21ኛው ኃይለ በየትኛው ሀ ይጻፍ የሚለውን አስነስቶ አሥራ ሁለት መስመር ወሰደ፤ ሦስቱም ሀዎች እኩል ሦስት ባይት ስለሆኑ ለጉዳያችን አይጠቅምም። 22ኛው አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ የደብተር ማተሚያ ፕሪንተር ሪባን የት እንደሚገኝ ጠየቀ። በውስጥ መስመር ነግሬዋለሁ።

23ኛው ለእኔ ከባዱ ነው። ጸሐፊው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ የአዳማ ልጅ ነው። ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ 7 ፊደል፣ 7 ባይት ነው፤ በግዕዝ ፊደል 3 ፊደል፣ 9 ባይት። በዚህ ከተማ አንድ ሰው በሁለቱም ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ለዓመታት በቁቤና በእንግሊዝኛ ሲሠራ ኖሮ፣ ፊደሉ የተቀየረ ዕለት ይሰበራል፤ የሰበረውም አማርኛው ይመስላል። እሱ እንዳለው ግን አማርኛ የሰበረው ነገር የለም፤ ፕሮግራሙ ከጥንቱ የተፈተነው ለግማሹ ሰው ብቻ ነበር። እኔም የራሴን የድሮ ሥራዎች ሄጄ አየሁ። አንድም የሙከራ ስም በግዕዝ ፊደል አልነበራቸውም።

24ኛው ስለ ጥገናው ነው። አንዳንዶች ገልባጭ ትእዛዙን በሚለካው ቀይሮ ማለፍ ይበቃል ይላሉ። አይበቃም። 64 ባይት ላይ ቢቆርጥ 63ቱ 21 ሙሉ ፊደል ይይዛሉ፣ አንዱ ለዜሮዋ፤ ያ ክፍት ቦታ የሌለበት ስም ከሆነ ነው። አንድ ክፍት ቦታ ሲገባ ልኩ ይዛባና መቁረጫው ፊደል መሀል ላይ ያርፋል፤ በሳጥንና በጥያቄ ምልክት የሚታተመው የተሰባበረ ፊደል ከዚያ ነው የሚመጣው። ጸሐፊው የመከረውን ነው እኔም ያደረግኩት፦ ተቀባዩ ራሱ በባይት ይለካል፣ ካልበቃው አይቆርጥም፣ አልበቃኝም ብሎ ይመልሳል፣ ሳጥኑም ሰፍቷል። በቃል ክፍተት ፋንታ ሁለት ነጥብ የሚጠቀሙ ጸሐፊዎች እንዳሉም አስታወሰ፤ ያችም ሦስት ባይት ናት።

25ኛው ላይ ተማሪዋ ተመለሰች። በግዕዝና በቁቤ የተጻፉ የሙከራ ስሞች ዝርዝር አዘጋጅታ ለሁሉም ክፍት አድርጋዋለች፤ በአንድ ፊደል ብቻ የተጻፉ፣ ሁለቱ የተቀላቀሉባቸው፣ ሁለት ነጥብ ያለባቸው፣ በኢሞጂ የሚያልቁ። እኔ አሁን ያለ እሱ ምንም አላስረክብም።

26ኛው ከሞጆ ነው፤ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ የተጻፈ ሁለት መስመር። ዝርዝሩን በሚሠራበት ማኅበር ፕሮግራም ላይ እንደሞከረና ከተቀናሽ ምልክት ጋር ትልቅ ቁጥር እንዳየ ብቻ ነው የሚናገረው። ከአምስቱ ማኅበራት ውስጥ አይደለም። ስልኬን በውስጥ መስመር ሰጥቼው በነጋታው በጠዋቱ ሚኒባስ ሞጆ ገባሁ። ፕሮግራሙ ያው ነው፤ አንድ ሰው በፍላሽ ገልብጦ አምጥቶላቸዋል፣ የሠራው ልጅም አያውቅም። የሂሳብ ሠራተኛዋ መሳቢያዋን ከፈተችልኝ። ስማቸው የረዘመ አባላትን ደብተር ለይታ በላስቲክ አስራ አስቀምጣለች፤ ማሽኑ ያተመውን እየሰረዘች ትክክለኛውን በእስክሪብቶ ትጽፍና አጠገቡ ትፈርማለች። ከጥር ጀምሮ እንዲህ ስታደርግ ቆይታለች። ፕሪንተሩ የተበላሸ መስሏት ነበር።